የኪራይ ሽበት

በሮካፌርቫ ፍርድ ቤት ለረጅም ዘመን ሲያገለግሉ የኖሩት ሰዎች ሳይሆኑ ኮቶች ነበሩ። ኮት ጠዋት ይገባል፣ ወንበር ላይ ይሰቀላል፣ ሳያዛጋና ሰው ሳያማ እስከ ምሳ ይቀመጣል። ባለቤቱ ወይኑን ሊገርዝ፣ ጎመኑን ሊኮተኩት ወይም ከአማቱ ጋር ሊጣላ ቁልቁል ወርዷል። ከተራራ በበቅሎ የመጣ ባለጉዳይ «ሲኞር ጀዙዋልዶ የሉም?» ብሎ ሲጠይቅ «ዓይን የለህም? ኮታቸው ይኸውልህ! አሁን ይመጣሉ» ይባላል። ኮት እያለ ሰውየው የለም ማለት ነውር ነው። ባለጉዳዩም ነውረኛ ላለመባል ኮት ሲያይ ውሎ ወደ ተራራው ይመለሳል።

ኤርሚኒያ ካታልፋሞ ዋና ሬጅስትራር ሆና ሥራ የጀመረች ዕለት፣ በየጠረጴዛው እየዞረች የኮቶቹን እጅጌ ጨብጣ እንደምን አደራችሁ አለች። ከዚያም አንድ መዝገብ አንሥታ ለጀዙዋልዶ ኮት «ይህን ዛሬ ጨርስልኝ፣ ወንድሜ» አለችው፤ ያውም ጮክ ብላ። በማግስቱ ጀዙዋልዶ ራሱ ጫማው ጭቃ እንደለበሰ ብቅ ሲል ጠብቃ ያዘችው።

«የትናንቱ መዝገብ የታለ?»

«የምን መዝገብ፣ ሲኞራ?»

«ለኮትህ ነግሬው ነበር እኮ። አልነገረህም? ተኳርፋችኋል እንዴ?»

ጀዙዋልዶ ሳቀ። ቀልድ መሰለው። ሳምንቱ ሳያልቅ ግን ኮቱን ከወንበሩ አወረደችና ካቴድራሉ በር ላይ ለሚለምነው ለሚኮ አለበሰችው፤ ሚኮንም ከነኮቱ ጀዙዋልዶ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ጀዙዋልዶ ከወይኑ ሲመለስ ሚኮ እግሩን አነባብሮ፣ ብዕር ጆሮው ላይ ሰክቶ ተቀምጧል። «ተራዎን ይጠብቁ፣ ሲኞር» አለው። አዳራሹ ሙሉ ሳቀ፤ የሳቁትም የየራሳቸውን ኮት እያዩ ሳቃቸውን ዋጡ። ከዚያ ወዲህ በሮካፌርቫ ፍርድ ቤት በየኮቱ ውስጥ ሰው ይገኝ ጀመር።

«የዓሣ ሻጭ ልጅ!» አለ ከተማው። እውነት ነው። አባቷ ቶኖ ሰርዲን በአህያ ጭኖ ከወደቡ እስከ ላይኛው ሰፈር እየጮኸ የሚሸጥ ሰው ነበር። ከእሱ የወረሰችው ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ድምፅ፣ ሁለተኛው ለነገ የሚል ሰው አለመውደድ። «ዓሣ ቀጠሮ አያውቅም» ይል ነበር ቶኖ፤ «ዛሬ ያልሸጥከው ነገ ያሸትሃል።» ልጁ ሰሜን ሄዳ በቶሪኖ ፍርድ ቤት መዝገብ ከመሸከም ተነሥታ ብዙ ችሎቶችንና የጸሐፊዎችን ሠራዊት እስከማስተዳደር ደረሰች። እዚያ ነገር በሰዓቱ ይጀመራል፣ በሰዓቱ ያልቃል፤ ሰው በሩን እንኳ ሲከፍት በሩን ይቅርታ ይጠይቃል። ለምን ተመለስሽ ሲሏት «የሚጣላኝ ሰው አጣሁ» አለች።

እዚህ ወዲያው አገኘች። ስሙ ዶን አሜዴዎ ስፓዳፎራ ነው።

በእኛ ዘንድ ጉዳይ የሚጠራው በመዝገብ ቁጥር አይደለም፤ በጠበቃው ሽበት ነው። ሽማግሌ ጠበቃ የያዘ ይቀድማል። ማለፊያ ልማድ ነበር፤ አያቶቻችን ዕድሜን ለማክበር ያቆሙት ነው። ሽበት እንደ ቤት እንደሚከራይ ግን አያቶቻችን አላሰቡም። ዶን አሜዴዎ የከተማው ጠበቆች ሁሉ በኩር ነበር። ራሱ በረዶ፣ ቅንድቡ በረዶ፣ የጆሮው ፀጉር ሳይቀር በረዶ ነው። ሀብታም ተሟጋች ክርክሩን የሚያውቅ አንድ ወጣት ጠበቃ ይይዝና ከጎኑ ዶን አሜዴዎን ያቆማል። ዶን አሜዴዎ ስለ ጉዳዩ የሚያውቀው የለም፤ ያውቅ ዘንድም የሚጠብቅ የለም። ራሱን ይዞ መቆም ነው ሥራው። ለዚያ ራስ አንዱ ዘይት፣ አንዱ አይብ፣ አንዱ ለገና ግማሽ አሳማ ይልካል። ከራስ ቆዳው በላይ እንጂ ከራስ ቆዳው በታች ምንም ያልበቀለበት የሕግ ሊቅ!

ድሀው ታዲያ? የድሀ ጠበቃ ፀጉሩ ጥቁር ነው። መጥሪያው ለሁሉም «በሦስት ሰዓት ቅረብ» ይላል፤ ድሀው ገና ሳይከፈት ኮሪደሩ ውስጥ ቆሟል። ዶን አሜዴዎ ግን ቅዳሴ ሰምቶ፣ ጺሙን ተላጭቶ፣ አደባባዩ ማዶ ኒኖ ቡና ቤት ገብቶ፣ ሌሎቹ ጠበቆች እንደ ጫጩት ከበውት ከተቀመጠ በኋላ ነው ችሎት የሚታሰበው። ጥሪውም እዚያው ነው። ችሎት አስከባሪው ኮሲሞ አደባባዩን ተሻግሮ ቡና ቤቱ ደጃፍ ላይ ይቆምና የባለጉዳዮቹን ስም ይጣራል፤ ጠበቆቹም ስኒ ይቀዱለታል። ኮሪደሩ ውስጥ የቆመ ድሀ በምን ጆሮው ይስማ? ያልሰማው እንዳልቀረበ ይቆጠራል፤ ያልቀረበው ለሚመጣው ዓመት ይቀጠራል። ፍትሕ ማለት ይህ ነው፤ ጆሮ ያለው ይስማ፣ ቡና ቤት የገባ ይቅደም!

ኤርሚኒያ ኮሪደሩን ስትዞር አንዲት ጥቁር የለበሱ ባልቴት ግድግዳ ተደግፈው ቆመው አየች። ቪንቼንሳ ማሩሎ ይባላሉ። ባሮኑ የማሳቸውን ምንጭ በግንብ አጥሮ ወስዶባቸዋል። ክሱን የመሠረተው ባላቸው ነበር፤ አዲስ ሙሽራ ሳለ።

«እማማ፣ ለዚህ ጉዳይ ብዙ ተመላለሱ?»

«ኧረ ልጄ፣ እኔ ይህ ወለል ሲነጠፍም እዚሁ ነበርኩ።»

በዚያው ሳምንት ኤርሚኒያ ትእዛዝ አወጣች። ለእያንዳንዱ ጉዳይ የየራሱ ሰዓት መጥሪያው ላይ ይጻፋል። በሰዓቱ የተገኘ ይሰማል፤ ያልተገኘ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ይታለፋል። ሽበት አይቆጠርም። ጥሪ የሚጠራው በፍርድ ቤቱ ቅጥር እንጂ በኒኖ ደጃፍ አይደለም።

ከተማው ጠበቃ ሲያለቅስ ያየው ያኔ ነው። ሁሉም ካባቸውን አንጠልጥለው የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት የላንዶልፊ ቢሮ ገቡ። ፕሬዚዳንቱ በዚህ ዓለም ላይ ሁለት ነገር ይፈራሉ፤ ጭቅጭቅና የቀዘቀዘ ፓስታ። ኤርሚኒያን አስጠሯት። ዶን አሜዴዎ ወንበር ላይ ተንሰራፍቶ ፈገግ አለላት።

«ልጄ፣ አባትሽን አውቀው ነበር። ጥሩ ሰርዲን ነበረው።»

«እሱም ያውቅዎት ነበር፣ ዶን አሜዴዎ። ሁልጊዜ አሽትተው የማይገዙት እርስዎ ነበሩ።»

ከኋላ አንዱ ወጣት ጠበቃ ሳቁን ሳል አስመሰለው።

«እኔን፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ከነዚህ ጥጆች ጋር ልታሰልፊኝ ነው?»

«ከጥጆቹ ጋር አይደለም፤ ከግድግዳው ሰዓት ጋር ነው። እሱም አርጅቷል፤ ግን ቆሞ አያውቅም።»

«ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ይሰማሉ? ይህች ሴት ችሎቱን የዓሣ ገበያ ልታደርገው ነው!»

«ምነው ባደረግሁት! ዓሣ ገበያ እኮ ከምሳ በፊት ያልቃል» አለች ኤርሚኒያ።

ምሳ የምትለዋን ቃል ሲሰሙ የፕሬዚዳንቱ ፊት በራ። እጃቸውን ሆዳቸው ላይ ጭነው አሰቡ። «እንግዲህ በአንድ ማክሰኞ እንሞክረው» አሉ። «የካቴድራሉ የምሳ ደወል ከመደወሉ በፊት የዕለቱ ጉዳይ ሁሉ ከተሰማ የሲኞራ ካታልፋሞ ሰዓት ይጸናል። አንድ ጉዳይ እንኳ ከቀረ የድሮው ልማድ ይመለሳል። እርስዎም፣ ሲኞራ፣ ያው…»

«እኔም ወንበሬን ለቅቄ ምድር ቤት እወርዳለሁ። ከአይጦቹ ጋር አሮጌ መዝገብ እጠርዛለሁ።»

«በጽሑፍ ይሁን» አለ ዶን አሜዴዎ።

«በጽሑፍ!» አለች፤ እዚያው ቆማ ፈረመች። ከቶሪኖ ድረስ ተሸክማው የመጣችውን ማዕረግ በአንዲት ፊርማ አስያዘችው።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ጀዙዋልዶ፣ አሁን በኮቱ ውስጥ ያለው ጀዙዋልዶ፣ ወሬውን እያጣጣመ ይዞላት መጣ።

«ሲኞራ፣ ነገ አንድም ጠበቃ አይመጣም። ኒኖ ጋ ተማምለዋል። ዶን አሜዴዎ ሳይነሣ የሚነሣ የለም፤ እሱ ደግሞ እስከ ምሳ አይነሣም። ጠበቃ የሌለበት ችሎት ሙሽራ የሌለበት ሠርግ ነው። ኮሲሞም ከእነሱ ጋር ነው።»

«አንተስ ከማን ጋር ነህ?»

ጀዙዋልዶ አሰበ። «እኔ እንኳ… ኮቴን ወደ ወንበሩ ከሚመልስልኝ ጋር» አለ።

ኤርሚኒያ ኮሲሞን ፍለጋ ወረደች። ኮሲሞ ድሮ የከተማው አዋጅ ነጋሪ ነበር፤ ከበሮ እየመታ ግብሩንም፣ የጠፋውን በግም፣ የሞተውንም ይለፍፍ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ የድምፅ ማጉያ ሲገዛ ከበሮው ምስማር ላይ ተሰቀለ፤ እሱም የችሎት አስከባሪ ሆነ። ቤቱ ደጃፍ ላይ ባቄላ ሲፈለፍል አገኘችው።

«አጎቴ ኮሲሞ፣ ነገ የምትጣራው ኒኖ ጋ አይደለም።»

«ኮሪደሩ ያፍነኛል፣ ሲኞራ። የእኔ ድምፅ ለጣሪያ አልተፈጠረም። ኒኖ ጋ ቢያንስ ሰማይ አለ።»

«ሰማይ አለ! ከቡና ስኒው በላይ የምታየው ሰማይ ነው?»

«አትሳለቂብኝ።»

«አንተ ስትለፍፍ አባቴ አህያውን አቁሞ ያዳምጥህ ነበር። ‹እኔ የምጮኸው ለዓሣ ነው፤ ኮሲሞ ሲጮህ ግን መንግሥት ይመስላል› ይል ነበር። ዛሬ ያ መንግሥት ለአንድ ስኒ ቡና ሰው ደጃፍ ላይ ይቆማል።»

ኮሲሞ ባቄላውን ወረወረ። «የቶኖ ልጅ፣ ምላስሽን ያዢ! ምን አድርግ ነው የምትዪኝ?»

«ሰገነቱን ብሰጥህስ?»

«የቱን ሰገነት?»

«የፍርድ ቤቱን። አደባባዩ ላይ የተንጠለጠለውን፤ ከንጉሡ ዘመን ወዲህ እርግብ እንጂ ሰው ያልወጣበትን። ነገ ደግሞ ማክሰኞ ነው፤ ገበያ ነው።»

የኮሲሞ ጣት ጉልበቱን እንደ ከበሮ ይመታ ጀመር።

«ከበሮዬን ላምጣ?» አለ በመጨረሻ።

ኤርሚኒያ ወገኖቿን ታውቃለች። የሮካፌርቫ ሰው ክርክር ቢረታ ይችለዋል፤ መረታቱ ቢታይበት ግን አይችለውም። በቅሎውን መሸጡን ጎረቤት እንዳያውቅበት ወይኑን ሸጦ ሌላ በቅሎ የሚገዛ ሕዝብ ነው። በቶሪኖ ሰዎች የሚቀጡት በሕግና በደንብ ነው፤ እዚህ ግን ከደንብ በላይ የሚፈራ ነገር አለ፤ እሱም የጎረቤት ዓይን ነው። የጎረቤት ዓይን ደግሞ ማክሰኞ ማክሰኞ አደባባዩ ላይ ይሰበሰባል።

ማክሰኞ አደባባዩ በአይብ፣ በአሳማ፣ በሸክላና በጩኸት ጢም ብሏል። ሦስት ሰዓት ሲሆን የሰገነቱ በር እንደ ታመመ በሬ አቃሰተ፤ እርግቦቹ ተነሡ። ኮሲሞ የሠርጉን ጥቁር ኮት ለብሶ፣ ከበሮውን አንግቦ ወጣ። አንዴ መታው። አሳማዎቹ ሳይቀሩ ዝም አሉ።

«የሮካፌርቫ ሕዝብ ሆይ፣ ስማ! የዘይት ነጋዴው የፋዝዩሎ ጉዳይ! ሰዓቱ ደርሷል! ፋዝዩሎ፣ አለ! ጠበቃው፣ የለም!» ከበሮ። «ሁለተኛ ጥሪ! ጠበቃው፣ የለም!»

ፋዝዩሎ ከኮሪደሩ ወጥቶ ደረጃው ላይ ቆመ። ገበያው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

«ፋዝዩሎ፣ ጠበቃህ በዘይት ተንሸራቶ ወደቀ እንዴ?» አለ ሸክላ ሻጩ።

«አይ፣ ዘይቱን ውሃ ስለቀላቀለበት አኩርፎ ነው!» አለ ሌላው።

ፋዝዩሎ ጆሮው እንደ በርበሬ ቀላ። አደባባዩን በሦስት እርምጃ ያቋረጠ እስኪመስል ተሻግሮ ኒኖ ቡና ቤት ገባ፤ ሲወጣ ጠበቃውን ካባው አንገት ላይ ጨምድዶ እየጎተተ ነው። ጠበቃው ብስኩቱን ገና አልዋጠም። ሦስተኛው ጥሪ ሳያልቅ ደረጃውን ወጡ። ገበያው አጨበጨበ።

ከዚያ በኋላማ ምን መሐላ አለ? ኮሲሞ ስም በጠራ ቁጥር አንዱ ባለጉዳይ ኒኖ ጋ ይገባል፤ አንዱ ጠበቃ ይወጣል። በኒኖ ጠረጴዛ ዙሪያ እንደ ወንድማማች የተማማሉት እነዚያ የሕግ አንበሶች ካባቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ በአሳማና በጎመን መካከል እየዘለሉ ይሮጡ ጀመር። አንዱ የአይብ ክምር አፈረሰ። አንዱ ገና ስሙ ሳይጠራ ሮጠ፤ «ለማንኛውም ብዬ ነው» አለ ሲጠየቅ። ኤርሚኒያ ከኮሪደሩ ጫፍ ቆማ በእጇ ብቻ ታስተናብራለች፤ አንዱ ሲወጣ አንዱ ይገባል፤ ጸሐፊዎቹ ይጽፋሉ፤ ጀዙዋልዶ መዝገብ ተሸክሞ ሲሮጥ ላቡ ኮቱን አርሶታል።

«ሲኞራ፣ ኮቴን ላውልቅ?» አለ።

«አውልቅ፣ የኔ ጌታ። አንተ ካለህ ኮቱ ይቅርብን።»

ቀጥሎ ከበሮው ከበድ ብሎ ተመታ።

«የባልቴት ቪንቼንሳ ማሩሎና የባሮኑ ጉዳይ! እማማ ቪንቼንሳ፣ አሉ! የባሮኑ ጠበቃ፣ ዶን አሜዴዎ ስፓዳፎራ!»

ያ ስም ከፍ ብሎ ሲጠራ የሰማ አልነበረም፤ ዶን አሜዴዎ ሲመጣ የሚከፈትለት እንጂ ተጠርቶ የሚመጣ ሰው አይደለም።

«የሉም!» አለ ኮሲሞ፤ ድምፁ ካቴድራሉን መትቶ ተመለሰ። «ሁለተኛ ጥሪ! የሉም!»

ከእንቁላል ሻጮቹ መካከል አንዲት ወፍራም ሴት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ተነሣች። «እሳቸው ካልተመቻቸው ፀጉራቸውን ይላኩት! ሥራው የፀጉሩ አይደል?»

አደባባዩ ፈነዳ። እንቁላል ተሰበረ፣ ሕፃናት ከእንቅልፍ ነቁ፤ አንድ ቄስ ፊታቸውን በመጽሐፋቸው ከለሉ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ዶን አሜዴዎ ይህን ሁሉ የሚሰማው ፀጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ ሆኖ ነው። ግማሽ ፊቱ ተላጭቷል፣ ግማሹ አረፋ ነው። ከነፎጣው ተስፈንጥሮ ወጣ። ገና በገበያተኛው መካከል ሲጋፋ የሦስተኛው ጥሪ ከበሮ ራሱ ላይ ጮኸ።

ችሎቱ በር ሲደርስ የቪንቼንሳ ጥቁር ፀጉር ጠበቃ ተናግሮ ጨርሷል፤ ምስክራቸውም ተሰምቷል። ያን ያህል ዘመን የተጎተተ ነገር እንቁላል ለመቀቀል በሚበቃ ጊዜ አለቀ።

«ክቡር ፕሬዚዳንት! እኔ ነኝ! አሜዴዎ!»

ፕሬዚዳንቱ ሰዓታቸውን አዩ፤ ኤርሚኒያን አዩ፤ በዓይነ ኅሊናቸው ደግሞ ሳህናቸውን አዩ።

«ዶን አሜዴዎ፣» አሉ በትሕትና፣ «ጉንጭዎ ላይ ሳሙና አለ።» ብዕራቸውንም አንሥተው ግንቡ ይፍረስ፣ ምንጩ ለማሩሎ ቤት ይመለስ ብለው ፈረዱ።

እማማ ቪንቼንሳ ኮሪደሩ ላይ ኤርሚኒያን እጇን ያዟት። «አለቀ ማለት ነው?»

«አለቀ፣ እማማ።»

«እንዲያው አለቀ?» ባልቴቷ ግራ ገባቸው። «ታዲያ እኔ ከእንግዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ምን ልሠራ ነው?»

«ውሃ ይቅዱ!»

ዶን አሜዴዎ ግን በቀላሉ የሚሸነፍ አልነበረም። ሌባ ሲያረጅ በእግሩ አይሮጥም፤ በሰው እግር ይሮጣል። አንዱን ጥጃ ጠበቃ ወደ ካቴድራሉ ደወል ደዋይ ላከው። ፀሐይዋ ገና መሐል ሰማይ ላይ ሳትደርስ የምሳ ደወል ተደወለ። ገበያተኛው ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ከዚያ ጠበቆቹ፣ ክብራቸው የተመለሰላቸው ያህል፣ ዶን አሜዴዎን ከፊት አስቀድመው ደረጃውን እየዘመሩ ወጡ።

ኤርሚኒያን ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ጫማዋን አውልቃ እግሯን እያሸች አገኟት።

«ደወለ!» አለ ዶን አሜዴዎ፤ ጉንጩ ላይ አረፋው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። «ሰማሽ? ደወለ! የቀሩትን ጉዳዮች አምጪና እንቁጠር። ከዚያ ምድር ቤቱን አሳይሻለሁ።»

«እናንተው ፈልጓቸው» አለች ሳትነሣ።

ፈለጉ። ኮሪደሩን ከጫፍ ጫፍ አዩት፤ ችሎቱን ከፍተው አዩ። ወለል የምትወለውለው ሴት ብቻ ናት ያለችው። «ኧረ በፈጠራችሁ አትርገጡብኝ! ገና አልደረቀም!» ብላ በመወልወያው አባረረቻቸው። የመጨረሻው ጉዳይ ካለቀ ቆይቷል፤ ተከራካሪዎቹ ታች ገበያው ውስጥ በታረቁበት አሳማ ዋጋ ላይ እየተደራደሩ ነበር።

ፕሬዚዳንት ላንዶልፊ ባርኔጣቸውን ደፍተው ከቢሯቸው ወጡ። ፊታቸው እንደ በዓል ቀን ያበራል። «ደወሉ ደወለ አይደል? የእኔ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ነው። እንዴት ያለ ቀን ነው! ዛሬ ፓስታው ገና ሳይወጣ ልደርስ እኮ ነው!» ትእዛዙን በቅርብ ባገኙት ጀርባ ላይ ደግፈው ፈረሙት፤ ጀርባውም የዶን አሜዴዎ ነበር። ሰዓቱ ጸና። ዶን አሜዴዎ ያስደወለው ደወል ለፕሬዚዳንቱ ከምሳ ሰዓት በፊት የደረሰ ምሳ ከመሆን ሌላ የፈየደው የለም።

ጠበቆቹ ከአለቃቸው ቀስ በቀስ ይርቁ ጀመር፤ አይጥ የሚሰምጥ መርከብ ላይ አይቆይም። ወጣቶቹ አንድ በአንድ ወደ ኤርሚኒያ ቀርበው «ሲኞራ፣ ለሚመጣው ማክሰኞ የእኔን ጉዳይ በስንት ሰዓት አደረጉት?» ይሏታል፤ እሷም ጫማዋን እያጠለቀች ለየአንዳንዱ ሰዓቱን ትነግረዋለች። ዶን አሜዴዎ ለብቻው ደረጃውን ሲወርድ ማንም አልተከተለውም። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ይዞ ታች ይጠብቀው ነበር።

ኤርሚኒያ ቢሮዋ ገብታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። በመስኮቱ በኩል ኮሲሞ ከሰገነቱ አልወርድም ብሎ ከጀዙዋልዶ ጋር ሲከራከር ይሰማታል። ከዚያ ከበሮው ለመጨረሻ ጊዜ ተመታ፤ የኮሲሞ ድምፅ ከመጎርነኑ የተነሣ የሰው አይመስልም።

«የሮካፌርቫ ሕዝብ ሆይ፣ ስማ! የዕለቱ ችሎት ተፈጽሟል! የቀረ ጉዳይ የለም! ዋና ሬጅስትራር ኤርሚኒያ ካታልፋሞ…»

አደባባዩ ጠበቀው።

«…አሉ!» አለ።

«አሉ!» ብሎ ገበያው በሙሉ ድምፅ መለሰ።